የገና ሞራ፣ የሁዳዴ ሳሙና

ሠላሳ አንድ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬ አንድም ቀን ሳሙና ሠርቼ አላውቅም ነበር። ይህን የተገነዘብኩት ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር፣ ከጦር ኃይሎች ወደ ዓለም ባንክ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነው። ከፊቴ የተቀመጠ ሙሉ ልብስ የለበሰ ጎልማሳ ዞር ብሎ አየኝና «ቲቸር! አወቁኝ?» አለ። አላወቅሁትም። «እንዴ፣ እንዴት አላውቅህም!» አልኩት። አስተማሪ ሆኖ ይህችን ውሸት በሳምንት አንዴ የማይዋሽ የለም።

ልጁ፣ ልጅ እለዋለሁ እንጂ ሽበት ጀምሮታል፣ ያስተማርኩትን የሳሙና አሠራር ቃል በቃል አነበነበልኝ። ስብ ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ሲገናኝ ሳሙናና ግሊሰሪን ይሆናል። «ግሊሰሪኗን ረስቼ አንድ ነጥብ ቀንሰውብኛል» አለኝ። እየሳቀ ነው፤ ግን ከሃያ ዓመት በኋላ የሚሳቅ ሳቅ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ቂም አለ። ከዚያ ታክሲው ሙሉ እየሰማ ጠየቀኝ። «ግን ቲቸር፣ እርስዎ ራስዎ ሠርተው ያውቃሉ?»

«ወራጅ አለ!» ብዬ ከፌርማታዬ ቀድሜ ወረድኩ።

መልሱን እየተራመድኩ አሰብኩት። ትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ የሚባል ክፍል ነበረው፤ የተሰበሩ ወንበሮች ይቀመጡበት ነበር። እኔ ሳሙናን የማውቀው በጠመኔ ነው። ስብ በስተግራ፣ ሳሙና በስተቀኝ፣ መሃል ላይ ቀስት። ቀስቷ አንዲት ጭረት ስለሆነች በጣም ቀላል ትመስል ነበር። በኋላ እንደ ተረዳሁት መከራው ሁሉ ያለው ቀስቷ ውስጥ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። እኔን የቆጨኝ ግን ያልበላሁት ሳይሆን ያልሠራሁት ነው።

ለሚስቴ ሳሙና ልሠራ እንደ ሆነ ስነግራት የጸሎት ቡድኗን ስብሰባ ለመምራት እየወጣች ነበር። «የሰው ባል ጡረታ ሲወጣ ዳማ ይጫወታል» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

መርካቶ ሄጄ ኮስቲክ ሶዳ ስጠይቅ ሻጩ «ባኞ ተደፍኖብዎት ነው?» አለኝ። ለሳሙና ነው ስለው ከእግር እስከ ራስ አየኝ። «አባት፣ ሳሙና እኮ ተሠርቶ ይሸጣል» አለኝ በአዘኔታ። እኔም በአስተማሪ ድምፅ ስለ አልካሊ ጠባይ ትንሽ አስረዳሁት። ሳልገዛ እንዳልሄድ ፈርቶ ይሁን ማስረዳቴን እንዳልቀጥል፣ ቶሎ ብሎ መዝኖ ሰጠኝ።

የመጀመሪያውን ሙከራ በምግብ ዘይት ሠራሁት። ሁለት ሳምንት ቆይቶ እንደ አጥሚት ቀረ። ሁለተኛው ጠጠረልኝ፤ ደስ ብሎኝ የወለል መወልወያውን ጨርቅ አጠብኩበት፣ ጨርቁ ተበሳስቶ ወጣ። ሚስቴ ጨርቁን በሁለት ጣት አንሥታ፣ ያለቀውን የዘይት ጀሪካን አጠገቡ አስቀምጣ ሄደች። ብትናገር ይሻለኝ ነበር። ስለ ጓንትም ላንሣ። ሠላሳ አንድ ዓመት ተማሪዎቼን «ኬሚካል ያለ ጓንት አይነካም» ስል ኖሬያለሁ። እኔ ግን ጓንት የተማሪ ነው ብዬ በባዶ እጄ ገባሁበት። እጄ ተሰነጣጠቀ፤ ሎሚ የነካሁ ቀን ግቢውን እዞራለሁ።

ዘይት ስለተከለከልኩ ሞራ ፍለጋ ገባሁ። እኛ ሰፈር ለገና ሰባት አባወራ ሆነን ቅርጫ እንገባለን። በሬው አስኮ አካባቢ ጋራዥ ባለው ጎረቤታችን ግቢ ይታረዳል፤ ሥጋው ቅጠል ላይ በመደብ በመደብ ይከፋፈልና ዕጣ ይወጣል። የዚያን ዓመት ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ጉሮሮዬን ጠረግሁና «ሞራውን ሁሉ ለእኔ ብትተዉልኝ ጉበት አልካፈልም» አልኩ። እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ባለ ጋራዡ «ጋሼ፣ መብራት ኃይል ቆረጠብዎት እንዴ? ሻማ ሊሠሩ ነው?» አለ፤ ሳቁ እስከ አስፋልቱ ተሰማ። በአንድ ማዳበሪያ ሙሉ ሞራ ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ። ጉበት እወዳለሁ።

ሦስት ቀን ጓሮ ውስጥ ሞራ አቀለጥኩ፣ በጨርቅ አጠለልኩ፣ ደግሜ አቀለጥኩ። ሽታውን አልገልጸውም። ከሶዳው ጋር ሳማስለው ሽታውን ለማጥፋት ጤና አዳም ቀቅዬ ጨመርኩበት፤ ቅርጽ ማውጫ ደግሞ የጠረጴዛዬ መሳቢያ ሆነ። በማግስቱ መሳቢያውን ስገለብጠው አንድ ወጥ፣ ነጣ ያለ፣ ጠንካራ ነገር ዱብ አለ። በክር ቆራርጬ አሥራ አራት አደረግሁት። ቁጭ ብዬ አየሁት። ሳልዋሽ ልናገር፣ ልጃችን የተወለደች ቀን እንኳ እንዲህ አፍጥጬ አላየሁም። ከዚያ ስድስት ሳምንት ይድረቅ ብዬ መደርደሪያ ላይ ሰቀልኩትና ቀን መቁጠር ጀመርኩ።

አሁን እማማን ማስተዋወቅ አለብኝ፤ ይህ ሁሉ የሚሄደው ወደ እሳቸው ነውና። እማማ ከአጥራችን ወዲያ የሚኖሩ፣ ሰማንያን የተጠጉ ባልቴት ናቸው። በወጣትነታቸው ጦር ኃይሎች አካባቢ የመኮንኖች ቤት ልብስ እያጠቡ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። ሚስቴ ስትወልድ አራስ ቤቱን ይዘው የከረሙት እሳቸው ናቸው። የእናቴ መርዶ ሲመጣ ከእኔ ቀድመው ያለቀሱትም እሳቸው ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ በአጥሩ መሃል ባለችው ትንሽ በር ገብተው በረንዳችን ላይ ይቀመጣሉ። እሳቸው ኦርቶዶክስ፣ እኛ ጴንጤ ነን። ስለ ሃይማኖት የተከራከርነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ሁላችንም አሸንፈናል። እማማ አንድ ቀን ቀሩ ማለት በዚያ ቀን አልመሸም ማለት ነው።

ስድስቱ ሳምንት አለቀ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ሁለቱንም ነኝና አንድ ካርቶን ሙሉ የድሮ ፈተና ወረቀት አስቀምጬ ኖሬያለሁ። ሳሙናዎቹን በእሱ ጠቀለልኳቸው። የመጀመሪያውን ይዤ በትንሿ በር ወደ እማማ ገባሁ። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ሁዳዴ የገባው ሰኞ ነው። በእኛ ቤት ሁዳዴ መግባቱ የሚታወቀው ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ ነው፤ እኔ ደግሞ በዚያ ሳምንት ከሳሙና በቀር ያየሁት ነገር አልነበረም። ኬሚስትሪ አስተማሪው የማድረቂያውን ቀን ሲያሰላ የተቀረውን አገር ሳያሰላ ቀረ።

እማማ ወረቀቱን ገለጥ አድርገው አሸተቱት። ረዘም አድርገው አሸተቱት።

«ጤና አዳም ነው?»

«አዎ፣ ጤና አዳም ገብቶበታል።»

«ሌላስ?»

እዚህ ጋ «ሞራ» ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። ግን አፈርኩ። ቅርጫው ላይ የተሳቀብኝ ትዝ አለኝ፤ የተማረ ሰው፣ ሳይንስ ያወቀ ሰው፣ ሞራ ሲያቀልጥ ከረመ ልበል? «ሌላው ኬሚካል ነው እማማ» አልኳቸው፣ በታላቅ ክብር።

«ኬሚካል» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። እጅህ ይባረክ።»

በሦስተኛው ቀን በረንዳችን ላይ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ያ ዕድሜ ልክ በመዘፍዘፍ የተሰነጣጠቀ እጅ ለስልሶ፣ ወዝ አውጥቶ ነበር። «ይኸው ሳሙናህ እጄን እንዴት እንዳደረገው!» አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ የሚችለኝ ጠፋ። ያገኘሁትን ሁሉ ስለ እማማ እጅ አወራሁት። ዳቦ ቤት ነገርኩ። ታክሲ ውስጥ ነገርኩ፤ ያ ተማሪዬ ዳግም ቢገጥመኝ ብዬ ሆን ብዬ ከፊት ወንበር እቀመጥ ነበር። የቀሩትን ሳሙናዎች ያደልኳቸው ጎረቤቶች ሳሙናውን ለማወደስ ከሚገባው በላይ ሲጣደፉ ትንሽ ያጠራጥረኝ ነበር። ግን የእማማ እጅ አለ! እጅ አይዋሽም።

ጾሙ ሲጋመስ፣ አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ሚስቴ ድንገት ጉርሻዋን ከአፏ መልሳ ሳህኑ ላይ አኖረችው። የምንበላው ቀይ ወጥ ነበር።

«ለእማማ ሳሙናው ከምን እንደ ሆነ ነግረሃቸዋል አይደል?»

«ኬሚካል ነው ብያቸዋለሁ።»

«በሁዳዴ! እሳቸው እኮ ወተት የነካ ማንኪያ አይነኩም። በዚያው እጃቸው ነው ለማኅበራቸው ሽሮ የሚሠሩት!»

አስረዳኋት። ሞራው ሳሙና ከሆነ በኋላ ሞራ አይደለም፤ ባሕርይው ተለውጧል፤ አሁን የስብ አሲድ የሶዲየም ጨው ነው አልኳት። እስክሪብቶ አውጥቼ የሶፍት ጠርዝ ላይ ቀስቷን ሣልኩላት።

«ጎበዝ» አለችኝ። «ሂድና ቀስቷን ለንስሐ አባታቸው ሣልላቸው።»

ያን ዕለት እማማ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አልመጡም። በማግስቱም አልመጡም። በሦስተኛው ቀን ትንሿን በር ገፋ አደረግሁ፤ በወዲያ በኩል ተቀርቅራለች። ሃያ ዓመት ስትቀረቀር አላየሁም። ባለ ጋራዡ ነግሯቸዋል ማለት ነው አልኩ፤ ያ ሰው ቀልድ ካገኘ እናቱንም አያስቀርም። ከነገሩ ጾም እደሩ ብዬ ዝም ልል ስሞክር ሚስቴ ሰማችኝና «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የምትጾመው?» አለችኝ።

ፈራሁ። ነገሩን ላሳምረው ብል አይሆንልኝም፤ በጣም ፈራሁ። እናቴን ቀብሬያለሁ። ሁለተኛ እናት የሰጠኝን በር በአንድ ሳሙና፣ እሱንም ቢሆን በማያሳፍር ነገር አፍሬ በተናገርኩት አንድ ቃል፣ ራሴው ዘጋሁት። እማማ ቢሰድቡኝ፣ ለዕድር ቢከሱኝ ግድ የለኝም። በዚህ ዕድሜያቸው ጾሜን አበላሸብኝ ብለው ቢያዝኑ ግን እንዴት እችላለሁ? ሳሙና የሠራ እጄ አስጠላኝ። በረንዳው ላይ ያለችው ወንበራቸውም ባዶ ሆና ታየኛለች።

በስምንተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዞሬ በዋናው በር ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። እማማ መደብ ላይ ተቀምጠው በሰፌድ ምስር ይለቅማሉ። ቀና ብለው አዩኝና «ግባ» አሉ። መቀመጫ አልጠበቅሁም። ክፍል ውስጥ እንዳለሁ ቆሜ ጀመርኩ። ስለ ስብ ባሕርይ ተናገርኩ። ስለ አልካሊ ተናገርኩ። አንድ ነገር ባሕርይው ሲለወጥ በድሮ ስሙ እንደማይጠራ አብራራሁ። እማማ ምስር ይለቅማሉ። ጠጠር ያገኙ ጊዜ ብቻ ቆም ይላሉ። በመጨረሻ «እማማ፣ የሞራ ነው። የገና በሬ ሞራ ነው። በጾም ሰጠሁዎት፤ ዋሸሁዎት፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«ጨረስክ?»

«ጨርሻለሁ።»

ሰፌዱን አስቀመጡ። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡና ሳጥናቸውን ከፍተው በነጠላ ሥር ያለ ነገር አወጡ። በፈተና ወረቀት እንደ ተጠቀለለ፣ እኔ እንደ ሰጠኋቸው፣ ሳሙናዬ ነው። ጥጉ እንኳ ውኃ አልነካውም።

«ሠላሳ ዓመት በሳሙና እንጀራ የበላሁ ሰው ሞራ ይጠፋኛል?» አሉ። «ደግሞስ ሦስት ቀን ሙሉ ሰፈሩን ስታጥነው የከረምከው በምን ነበር? ለፋሲካ ብዬ አስቀመጥኩት።»

«ታዲያ እጅዎ? እጅዎ ለስልሶ የለም እንዴ?»

«ቫዝሊን ነው። የልጅ ልጄ አምጥታልኝ።»

መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። ዳቦ ቤቱ ታየኝ፣ ታክሲው ታየኝ፣ ስለ እማማ እጅ የነገርኩት ሰው ሁሉ በተራ ታየኝ።

«ታዲያ ለምን ዋሹኝ?»

«አንተስ ለምን ዋሸኸኝ?»

እማማ ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። «ጡረታ ከወጣህ ወዲህ ፊትህ ጠቁሮ ነበር» አሉ። «ከቤት ቤት እንደ ጠፋ ዶሮ ትዞራለህ። ያን ዕለት ሳሙናውን ይዘህ ስትገባ እንደ ሕፃን ነው የሳቅኸው። ምን ልበልህ? ሞራ ነውና ውሰድልኝ ልበልህ? አፌ እንቢ አለኝ። ትነግረኛለህ ብዬም ጠበቅሁህ።»

«በሩን ቀረቀሩብኝ፤ ያኮረፉኝ መሰለኝ።»

«በጾም ማን ያኮርፋል? ሱባኤ ይዤ ነበር እንጂ። ሱባኤ ጥሩምባ ተነፍቶ ይገባል እንዴ?» ሰፌዱን መልሰው ጭናቸው ላይ አኖሩ። «እንግዲህ ሁለታችንም በጾም ዋሽተናል። እኔ ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ስግደት ተጨመረብኝ፤ ይኸው ጉልበቴን። አንተ ለማን ትናገራለህ?»

«እኛ እኮ… ለሚስቴ ነግሬያታለሁ።»

«እሷ ከሰማች ይበቃሃል» አሉ እማማ፣ እያዘኑልኝ።

ፋሲካ ጠዋት እኔና ሚስቴ በትንሿ በር ገባን። ዶሮው ቀርቧል። ከመቁረሳችን በፊት ሚስቴ ማስታጠቢያውን ልታነሣ ስትል እማማ «ተዪው፣ እሱ ያስታጥበኝ» አሉ። ሳጥናቸውን ከፈቱ፤ ወረቀቱን ገልጠው ጭናቸው ላይ አኖሩ፤ ሳሙናውን ያዙ። እኔ ጎንበስ ብዬ ውኃ አፈሰስኩ። አንድም ፈተና ተፈትኜ እንዲህ አልፈራሁም።

እማማ እንደ ባለሙያ ነው የታጠቡት። መዳፋቸውን፣ በጣቶቻቸው መሃል፣ በጥፍሮቻቸው ሥር፣ አንዱንም ሳይዘሉ። አረፋውን በአውራ ጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት፣ በብርሃን አዩት። ጎረቤቱ ሁሉ «ቆንጆ ነው» ብሎኛል። እኔ ግን እውነቱን ከማን እንደምሰማ አሁን አውቃለሁ።

«አረፋው ይዘገያል» አሉ። «ሶዳው በዝቷል፤ ትንሽ ይቆነጥጣል። ግን ያነጻል።» ከዚያ ጭናቸው ላይ ያለውን ወረቀት አነሡና ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። እማማ ፊደሉን በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ጀምረው ተዉት፤ ቁጥር ግን ያውቃሉ። በቀይ እስክሪብቶ፣ በራሴ እጅ፣ ስድስት ከአሥር ተጽፎበታል። «ልክ አርመኸዋል» አሉ። «ስድስት ይገባዋል።»

ሚስቴ እስክታለቅስ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ስንቱን ልጅ ስድስት ሰጥቼ ፊቱን ሳላየው እንዳለፍኩ እንጃ፤ እኔ ስድስቴን ይዤ ባዶ ማስታጠቢያ እንደ ታቀፍኩ ቀረሁ።

እማማ እጃቸውን አደራረቁና ከቴሌቪዥኑ ላይ ቫዝሊናቸውን አወረዱ። ሊቀቡ ነው ብዬ ሳይ፣ በጣታቸው ዛቅ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«እጅህን አምጣ» አሉኝ። «የአንተ ነው የባሰበት።»